ጥርጣሬ እስከ ቦዩ ጫፍ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቆቦ ባለው የቢሯችን ግቢ ውስጥ ትንሽ ግብዣ ተደረገልኝ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ተነሥቶ፣ «አቶ አራጋው ሙሉ እምነት የሚጣልባቸው ሠራተኛ ነበሩ» ብሎ ተናገረ። ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔም አመሰገንኩ። ተመልሼ ስቀመጥ ግን ለብዙ ዓመት አብሮኝ የዞረው ሾፌር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አንቱ ራስዎ ግን ማንን አምነው ያውቃሉ?» አለኝ። ሳቅሁ። ምን ብዬ ልመልስ? እንጀራ የበላሁት በመጠርጠር ነው።

ሥራዬ የውሃ ፓምፕ ጥገና ነበር። የጀመርኩት ቆቦ አስፋልት ዳር ካለ ጋራዥ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ፈትቶ መግጠም እዚያ ተማርኩ። ከዚያ በራያ ቆላ ለገበሬው የመስኖ ጉድጓድ የሚያስቆፍር፣ የአትክልት ችግኝ የሚያቀርብ፣ ለከብትና ለቤት የሚሆን ውሃ የሚያደርስ የልማት ድርጅት ቀጠረኝ። መጀመሪያ ሮቢት ሠራሁ፣ ቀጥሎ ዋጃ፣ በመጨረሻ ቆቦ ሆኜ ሁሉንም ጉድጓዶች መዞር ዕጣዬ ሆነ። ደመወዙ ለወሬ የሚበቃ አልነበረም፤ ወረቀቱ ግን ብዙ ነበር። ሁለቱንም እዚሁ ልተዋቸው።

ጉድጓድ ውስጥ የገባ ፓምፕ አይታይም። ሰው ውሃው ሲወጣ ያይና ደህና ነው ይላል፤ እኔ አልልም። መጀመሪያ መዳፌን ቧንቧው ላይ አሳርፋለሁ። ጤነኛ ፓምፕ ጭን ላይ እንደተኛች ድመት ወጥ የሆነ ንዝረት አለው፤ ንዝረቱ ከተቆራረጠ አየር እየሳበ ነው። ቀጥዬ ውሃውን በነጭ ሳህን ቀድቼ ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጥቂት ቆይቶ ከሥሩ አሸዋ ከዘቀጠ፣ ከታች የሆነ ነገር እየተበላ ነው ማለት ነው። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ስከፍት ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬን አስገባለሁ፤ የጋለ ሽቦ እንዳረረ ለውዝ ይሸታል። በመጨረሻ የአምፔር መለኪያዬን አወጣለሁ። መለኪያውንም ቢሆን በሌላ መለኪያ ሳላስተያይ አልቀበለውም። ባለቤቴ፣ «አንተ እኮ ወጡንም እንዲሁ ነው የምትቀምሰው» እያለች ትስቅብኛለች።

አለቆቼም ብዙ ነበሩ። አንዱ የመጋዘኑን፣ የመኪናውን፣ የሽንት ቤቱን ቁልፍ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር ሽማግሌ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው ወጣት ሲሆን የሚወደው ሪፖርት ነው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ስንት ሰዓት እንደሠራ ማታ ማታ ይጠይቃል፤ ሰዓቱ ካነሰ ይደውላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ከላይ ሰዓት ስለሚጠይቁት እሱም ከታች ሰዓት ይጠይቃል።

ጦርነቱ ቆላውን ካለፈ በኋላ ወደ ጉድጓዶቻችን ስንመለስ ኬብሉ ተመዝዞ፣ ጄኔሬተሩ ተነቅሎ፣ ሳጥኑ ባዶውን ተከፍቶ አገኘነው። ማን ወሰደው? ያልተጠረጠረ አልነበረም። ጎረቤት የጎረቤቱን ጣሪያ አተኩሮ ማየት ጀመረ። በገበያ ቀን ሽቦ ቢጤ የያዘ ሰው ካለፈ ወሬ ይቋረጣል። እርስ በርስ የሚበዳደሩ ሰዎች ሰላምታ አሳጠሩ። የሾላው ጉድጓድ ጣጣ የመጣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

የሾላው ጉድጓድ የምንለው ከቆቦ ወደ ዋጃ ሲሄዱ ከአስፋልቱ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ፣ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ያለውን ነው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ቦይ መጀመሪያ የላይኞቹን ገበሬዎች ማሳ ያጠጣል፣ ከዚያ የታችኞቹን፣ መጨረሻው ላይ የከብት ገንዳና ሴቶች በጀሪካን የሚቀዱበት ቧንቧ አለ። ሞተሩን የሚያስነሣውና የሚያጠፋው አያ ደርቤ የሚባል የታችኛው መንደር ሰው ነበር። ዝምተኛ ነው። ሰው ሲያናግረው መጀመሪያ መሬት መሬቱን አይቶ፣ ቆይቶ ነው የሚመልሰው። ይህ ጠባዩ በሰላም ጊዜ ጨዋነት ይባል ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ሰዎች «ምን ደብቆ ነው?» ይሉት ጀመር።

አዲስ ሞተር አስገባን። ሽንኩርቱ ራስ መያዝ ሲጀምር ተቃጠለ። ሌላ አስገባን፤ በዚያው ወቅት እሱም ተቃጠለ። ሦስት እግር ብረቱን አቁመን፣ በሰንሰለት ማንሻ ቧንቧውን አንድ በአንድ እየፈታን አወጣነው። ሞተሩን ስከፍተው የተጠቀለለው ሽቦ ዙሪያውን እኩል ጠቁሯል። ውሃ ገብቶበት ቢሆን በአንድ ጎኑ ነበር የሚጠቁረው። ኩሽኔታው ተበልቷል፤ የፓምፑ ተሽከርካሪዎች በአሸዋ ተፍቀው እንደ ሳንቲም ያበራሉ። ይህ ሞተር ውሃ በሌለበት ሲሠራ ኖሯል። ግን እንዴት? ውሃው ሲወርድ ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋ መከላከያ ሳጥኑ ውስጥ አለ፤ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሳጥኑን ከፍቼ በካቻቢቴ ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ከመከላከያው ጀርባ አጭር ሽቦ ከዳር እስከ ዳር ታስራ አገኘኋት። መከላከያው እንዲታወር ተደርጓል።

ያየሁትን ለዚያ ሪፖርት ወዳድ ሥራ አስኪያጅ ነገርኩት።

«የሳጥኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው?» አለኝ።

«በአያ ደርቤ።»

«እንግዲያስ ምን ትጠብቃለህ?»

«ያየሁት ሽቦ ነው፤ እጅ አላየሁም» አልኩት። «ማን እንዳሰረው አላውቅም። ለምን እንደታሰረም አልገባኝም። ሞተር አቃጥሎ የሚጠቀም ማነው?»

«ለምን እንደሆነ ፖሊስ ይጠይቀው» አለና ስልኩን አነሣ።

አያ ደርቤን የወሰዱት፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ ከሾላው ሥር ነው፣ የውሃ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እንደተቀመጠ። የላይኞቹም የታችኞቹም ነበሩ። አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። እሱ መሬት መሬቱን አየና ነጠላውን አስተካክሎ ሄደ። ማስረጃ ስላልተገኘበት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለቀቁት፤ ድርጅታችን ግን ከሥራ አሰናበተው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላሰበውም። የላይኞቹ «ታችኞቹ ሽንኩርታችንን ሊያደርቁ አስበው ነው» አሉ። የታችኞቹ «ላይኞቹ ናቸው ጥፋቱን የጫኑብን፤ ጉድጓዱን ለብቻቸው ሊይዙት ነው» አሉ። የአያ ደርቤ ልጅ ለላይኛው መንደር ልጅ ታጭታ ነበር፤ የሙሽራው ቤተሰብ ሰው ልኮ ነገሩን አፈረሰ። ልጅቱ ወልድያ ሄዳ ሥራ ያዘች። ቦዩ ተሰብሮ አደረ፤ ሲጠገን በሌላ ቦታ ተሰበረ። ድርጅቱን ደግሞ ሁለቱም ወገን በአንድነት ጠረጠሩት። «ጥቅም ላይ የዋለ አሮጌ ሞተር እያመጡ ነው» የሚለውን ወሬ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወሬውን አጣጣልኩት፤ ከዚያ ግን ደሴ ያለውን መጋዘን ሄጄ የሞተሮቹን ካርቶን እሽግ ፈትሼ ነው የተመለስኩት።

በአያ ደርቤ ቦታ ከላይኛው መንደር በሪሁን የሚባል ሰው ተተካ። የሚታመን ነው ተባለ። በቀጣዩ ወቅት ሽንኩርቱ ራስ መያዝ ሲጀምር ሞተሩ ተቃጠለ። ሳጥኑን ስከፍት ሽቦዋ እዚያው ቦታ፣ እንደዚያው ታስራለች። ፒንሳዬን አውጥቼ ቆረጥኳት። አንድ ሰው አባረርን፣ ሁለት መንደር አጣላን፣ ሞተሩም ተቃጠለ። በሥራ ዘመኔ ከዚህ የከፋ ቀን አላየሁም። ያን ዓመት የታችኞቹ ሽንኩርት ማሳው ላይ ደርቆ ከብት በላው። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ።

በእሱ ቦታ የመጡት ወይዘሮ ዘሐራ ናቸው። ትውልዳቸው እዚሁ ራያ፣ ትምህርታቸውና ሥራቸው ግን ሩቅ አገር ነበር። የመጀመሪያው ቀን ቢሮ አልገቡም። በባጃጅና በእግር የሾላው ቦይ ጫፍ፣ የከብት ገንዳው ዘንድ ሄደው ከዚያ ወደ ላይ ቦዩን ተከትለው ወጡ። እኔ ጉድጓዱ ጋ ስጠብቃቸው ከሰዓት በኋላ ጫማቸው ጭቃ ሆኖ ደረሱ። «ሁሌም ከጫፉ ነው የምጀምረው። ላይ ላለ ሰው ሁሉ ነገር የደረሰ ነው የሚመስለው» አሉኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የአንድን ክፍል ሥራ የክፍሉ ኃላፊ እንዲናገር አይፈቅዱም። «አያ አራጋው፣ የግብርና ክፍሉ ዘንድሮ ምን አሰበ? ይንገሩን» ይላሉ። እኔ አላውቅም። «ተስፋዬ፣ አንተ ደግሞ የጥገናውን ንገረን» ይሉታል። ተስፋዬ የግብርናው ኃላፊ ነው፤ እሱም አያውቅም። እያፈርን ተያየን። በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ ስለሌላው ክፍል ሳይጠይቅ የመጣ አልነበረም። ሰው አንድ ችግር ሲነግራቸው «ማን አደረገው?» አይሉም። «ከዚያ በፊትስ?» ይላሉ። ሲመለስላቸው ደግመው «ከዚያ በፊትስ?» ይላሉ። አንዳንዴ ያሰለቻል።

እኔ ግን አላመንኳቸውም። ሰው «ማን?» ብሎ ካልጠየቀ የሚሸፍነው ሰው አለ ብዬ ነው የማስበው። ይህን ሳስብ በሪሁን አንድ ቀን አገኘኝና፣ «አለቃህ አያ ደርቤ ቤት ትመላለሳለች አሉ፤ ዘመዷ ነው ይባላል» አለኝ። አጣራሁ። እውነት ነው፤ ሁለት ጊዜ ገብተው ሲወጡ ያያቸው ሰው አገኘሁ። አንድ ቀን ሳይጠሩኝ ቦዩ ጫፍ ድረስ ተከትያቸው ሄድኩና ገንዳው አጠገብ ደረስኩባቸው።

«ወይዘሮ ዘሐራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልኳቸው። «አያ ደርቤ ዘመድዎ ነው?»

አልደነገጡም። «ባለቤቱ የአክስቴ ልጅ ናት። ለደሴው ዋና ቢሮ ከመምጣቴ በፊት ተናግሬያለሁ። ለእናንተም መንገር ነበረብኝ፤ ቀድመውኛል።»

«ታዲያ ሰው አይጠረጥርም?»

«ይጠርጥር እንጂ። እርስዎም ይጠርጥሩኝ» አሉና ከገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ግን ወላሂ፣ የዚህ አገር ጥርጣሬ አንድ ጉድለት አለበት። ሰው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ደርቤ ላይ ደረሰ፣ ቆመ። የሞተሩ መቃጠል ግን አልቆመም፤ እንደገና ተቃጠለ። አሁን ደግሞ እኔ ላይ ደርሷል። እኔን አባርራችሁስ? ሽቦዋ ትፈታለች?»

መዳፌን የሴቶቹ ቧንቧ ላይ አሳረፍኩ።

«እርስዎ ፓምፕ ሲያዩ እንዲህ አያደርጉም» አሉ። «ሞተሩ ተቃጠለ ብለው አይሄዱም። ኩሽኔታውን፣ አሸዋውን፣ ሳጥኑን፣ ሁሉን ይጠረጥራሉ። ድርጅታችንንም እንደዚያ ይጠርጥሩልኝ። እስከ ጫፉ።»

ያን ቀን ወደ ቆቦ የተመለስነው በአንድ ባጃጅ ነው። አላመንኳቸውም፤ ግን የጠየቁኝ ሥራ የማውቀው ሥራ ነበር።

ከዚያ ለጥቂት ሳምንት የውሃውን ጥልቀት በገመድ እየለካሁ፣ ተስፋዬን እየጠየቅሁ፣ ሴቶቹን ቧንቧው ጋ እያነጋገርኩ ከረምኩ። ከዚያ ወይዘሮ ዘሐራ ሁሉንም ወገን ሾላው ሥር ሰበሰቡ። የላይኞቹ በአንድ ጎን፣ የታችኞቹ በሌላ ጎን፣ እኛ የቢሮ ሰዎች በመሐል። አያ ደርቤ ተጠርቶ ነበር፤ አልመጣም። «ከዚያ ዛፍ ሥር አልቀመጥም» ብሎ መልእክት ላከ።

ወይዘሮ ዘሐራ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ዛሬ ማንም ስለሌላው አይናገርም። እያንዳንዱ እሱ ራሱ ያደረገውን ብቻ ይናገር። እኔ ልጀምር፤ እኔ መጥቼ ዘመዴ ቤት ስገባ እዚህ ላላችሁት ለማንም አልተናገርኩም፤ በዚህም ጥርጣሬው ላይ ጨምሬበታለሁ።»

ሰዉ እርስ በርሱ በቆረጣ ይተያያል። ወጥመድ መስሏቸው ነበር፤ እኔም መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ መዲና የምትባል ከታችኛው መንደር ውሃ የምትቀዳ ሴት ተነሣች።

«እኛ ሞተሩ ሲቆም ጀሪካናችን ባዶ ነው» አለች። «አያ ደርቤን ሰድበነዋል። ‹ምን ይጎልተዋል ይኸ ሰው፣ አያስነሣውም?› ብለናል። እኔ ራሴ ብያለሁ።»

ከላይኞቹ አንዱ ተነሣ። «እኔ ችግኝ ሲሰጠኝ ያልታረሰ ማሳ ጨምሬ ተከልኩ። ውሃ ይበቃ አይበቃ አልጠየቅሁም። የሰጡኝ ያውቃሉ ብዬ ነው።»

ተስፋዬ ተነሣ። «እኔ የታዘዝኩት መሬት በችግኝ እንድሸፍን ነው። ሸፈንኩ። ተሸለምኩበትም። ስለ ውሃው የሚጠየቀው ሌላ ክፍል ነው።» ከተናገረ በኋላ ራሱ የሰማው መሰለኝ፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

እኔም የለካሁትን ተናገርኩ። ማሳው ሲሰፋ ሞተሩ ረዘም ላለ ሰዓት ይሠራል። ሽንኩርቱ ራስ ሲይዝ ደግሞ ሁሉም ውሃ የሚፈልገው በአንድ ጊዜ ነው። ያኔ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ይወርዳል፤ መከላከያው ሞተሩን ያጠፋል፤ ውሃው እስኪመለስ መጠበቅ ያስፈልጋል።

«መጠበቅ?» አለ በሪሁን ከኋላ። ሁሉም ዞረ። ቆሞ ነበር። «ማን ያስጠብቃል? ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ገበሬው ይጮህብኛል። ሴቶቹ ይሰድቡኛል። ማታ ቢሮ ይደውላል፣ ‹ሰዓቱ ለምን አነሰ› ይለኛል። ጥገና ስደውል ‹አራጋው ሮቢት ነው› ይሉኛል። አስሬዋለሁ። ሽቦዋን እኔ ነኝ ያሰርኳት። አያ ደርቤ ለምን እንዳሰራት የገባኝ ያን ቀን ነው።»

ማጉረምረም ተነሣ። እኔ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። «ሽቦዋን የምታስርበትን ቦታ ማን አሳየህ?» አልኩት። «ያ ቦታ ለማያውቅ አይገኝም።»

«ሰው ነው ያሳየኝ።»

«ማን?»

በሪሁን ተመልሶ ተቀመጠ። የሁሉንም እጅ ማየት ጀመርኩ፤ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ ጣት እንዳለ ልይ ብዬ። ወይዘሮ ዘሐራ ወደ እኔ ዘንበል አሉና፣ «አያ አራጋው፣ እሱን ብናውቅ ነገ ሞተሩ ሳይቃጠል ይቀራል?» አሉኝ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እስከ ዛሬም መፈለጌን አልተውኩም።

የተስማማነው በዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ በተከታታይ ስብሰባዎች ነው። ውሃው ሲወጣ መጀመሪያ ገንዳውና የሴቶቹ ቧንቧ እንዲሞላ ተደረገ። ችግኝ ከመታደሉ በፊት ተስፋዬና እኔ ላይኞቹና ታችኞቹ ከመረጡት ኮሚቴ ጋር የጉድጓዱን ውሃ እንድንለካና የሚተከለው ማሳ በዚያ እንዲወሰን ሆነ። ቢሮው የሰዓት ጥያቄውን አቆመ፤ በምትኩ ቦዩ ጫፍ ውሃ ደረሰ ወይ ብሎ ይጠይቅ ጀመር። ሮቢት ላይ ሌላ የጥገና ሠራተኛ ተቀጠረ። ገበሬዎቹ አልወደዱትም፤ የተከሉት ያነሰባቸው አኩርፈው ነበር። ተስፋዬ ያን ዓመት አልተሸለመም። ሞተሩ ግን ሽንኩርቱ ራስ ሲይዝ አልተቃጠለም። እኔ በየሳምንቱ እየሄድኩ ሳጥኑን ከፍቼ የመከላከያውን ጀርባ አይ ነበር። ሽቦ አልነበረም።

የቀረው አያ ደርቤ ነበር። ወይዘሮ ዘሐራ፣ «እኔ ዘመዱ ስለሆንኩ አልመራም፤ ድርጅቱ ሽማግሌ ይላክ» አሉ። ድርጅት ላባረረው ሠራተኛ ሽማግሌ ሲልክ ሰምቼ አላውቅም። ተስፋዬ፣ የኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ ሁለት የአገር ሽማግሌዎችና እኔ ሆነን ሄድን። አያ ደርቤ በሩ ላይ ተቀብሎ አስቀመጠን፤ ውሃ አቀረበልን። ጠጣን። ተስፋዬ በድርጅቱ ስም ይቅርታ ጠየቀ፤ ሥራውም እንደሚመለስለት ተናገረ።

አያ ደርቤ እንደ ልማዱ መሬት መሬቱን ብዙ አየ።

«አስሬዋለሁ» አለ። «ማንም ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። ፖሊሱ ‹ማን ከፈለህ?› አለኝ። የድሮው አለቃችሁ ‹የጠፋውን ኬብል ለማን ሸጥከው?› አለኝ። ለምን አሰርከው ያለኝ ሰው የለም። አራጋው ብቻ ‹ለምን እንደሆነ አላውቅም› ብሎ ነበር አሉ፤ እሱም እኔ ዘንድ አልመጣም።»

«ያኔ ብመጣ ማን እንደላከኝ ትጠረጥር ነበር» አልኩት።

«እጠረጥር ነበር» አለ። «ዛሬም እጠረጥራለሁ። ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ አላህ ይቀበላችሁ። ሥራውን ግን አልፈልግም። ልጄን ማን ይመልስልኛል?»

ተነሣን።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ከደሴ አጣሪዎች መጡ። አንድ ሰው ወይዘሮ ዘሐራን ዘመዳቸውን ነፃ ለማውጣት ስብሰባ አዘጋጅተዋል ብሎ ከሷል። ማን እንደሆነ አልተነገረንም፤ ተስፋዬን ጠረጠርኩ፣ በሪሁንን ጠረጠርኩ፣ ከዚያ መጠርጠሩን ወደ ውሃው መለስኩት። እኔንም ጠርተው ጠየቁኝ።

«ዘመዱ መሆናቸውን ያውቁ ነበር?»

«አዎ። ጠይቄያቸው ነው የነገሩኝ።»

«ያምኗቸዋል?»

«አላምናቸውም» አልኩ። ጠያቂው ብዕሩን አነሣ። «እንዳምናቸውም ጠይቀውኝ አያውቁም። የጠየቁኝ መጠርጠር ስጀምር መሐል መንገድ ላይ እንዳልቆም ነው። እናንተም አትቁሙ። ሾላው ሂዱና ቦዩን ከጫፉ ጀምራችሁ እዩት።»

ሄደው ይሁን አይሁን አላውቅም። ጥፋት አላገኙባቸውም፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ወደ ሌላ ክልል ተዛወሩ። «የሥራ ዕድገት ነው» ተባለ። እሳቸው ሲሰናበቱኝ፣ «አብሽር አያ አራጋው» ብቻ አሉኝና የአውቶቡሱን ደረጃ ወጡ። ዕድገት መሆኑን አሁንም አላምንም።

እኔን በጭብጨባ የሸኘኝ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከመጣ በኋላ የሾላው ስብሰባ ጊዜ ያባክናል ተባለ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ይሥራ፣ ሪፖርቱን ያቅርብ ተባለ። ስልክ ላይ የሞተሩን ሰዓት የሚያሳይ ነገርም ተገጠመ። ይህን ስሰማ ሽቦዋ ተመልሳ ልትታሰር ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከጡረታዬ በኋላ አንድ ቀን ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ቀርቷል የተባለው ስብሰባ ድሮ የሚደረግበት ቀን ነበር። መዲናና ሌሎቹ ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ሾላው ሥር ተቀምጠዋል። የላይኞቹ ስለ ሽንኩርት ማሳ እየተጨቃጨቁ ነው። ከቢሮ የመጣ ማንም የለም፤ ማንም አልጠራቸውም። ኮሚቴው በራሱ ሰብስቧቸዋል። ከኋላ ተቀመጥኩ። አየት ሳደርግ ‹ከዚያ ዛፍ ሥር አልቀመጥም› ያለው አያ ደርቤ ከታችኞቹ መሐል ተቀምጧል።

ጭቅጭቁ ሲረግብ ተነሣ። መሬቱን አላየም።

«ፖሊስ ሲወስደኝ እዚሁ ተቀምጣችሁ ነበር» አለ። «አንተ እዚያ ነበርክ። አንተም። አንቺ መዲና ጀሪካንሽን ይዘሽ ቆመሽ ነበር። አራጋው፣ አንተ ደግሞ አልነበርክም፤ የት ነበርክ?»

«ሮቢት» አልኩ።

«አዎ፣ ቆሜ ነበር» አለች መዲና። ዓይኗን አላሸሸችም።

ሊቀ መንበሩ የሽንኩርቱን ነገር አቆመና፣ «ቀጥል አያ ደርቤ፣ እንሰማሃለን» አለ።

የእያንዳንዱን ሰው ፊት አየሁ፤ ለይስሙላ የተቀመጠ ካለ ልለየው ብዬ። ውሃው ያለ ተረኛ በቦዩ ወደ ታች እየወረደ ነበር፤ ሊጠልፈው የተነሣ ሰው የለም። አያ ደርቤም ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተናገረ።